የባሕር ስንቅ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አክስቴ ሰባኛ ዓመታቸውን በያዙ ጊዜ፣ ከማያሚ ወደብ በሚነሣ የሽርሽር መርከብ ልንሳፈር ወረፋ ይዘን ነበር። ሻንጣቸው በመፈተሻው ውስጥ እንዳለፈ አንዲት ወጣት ተቆጣጣሪ ለብቻ አነሣችውና እንድንከፍተው ጠየቀችን። ሁለት ነገር ተገኘ፤ አንድ በቡሽ የተደፈነ የቀይ ወይን ጠጅ ጠርሙስ፣ ሁለተኛም አክስቴ ሜሪላንድ በሚገኘው ቤታቸው በገዛ እጃቸው የጣሉት ጠጅ የተሞላበት የውኃ ፕላስቲክ። ወይኑ ተፈቀደ። ጠጁ ተከለከለ፤ ደንቡ ፋብሪካ ያሸገውን እንጂ ቤት የተሠራውን አይቀበልምና።

አክስቴ ፊታቸውን ወደ እኔ መልሰው፣ «ስንቄ ነው በላት» አሉኝ።

ቃሉን ልተረጉምላት አፌን ከፈትሁ፤ አልሆነልኝም። ምግብ ነው ብል መርከቡን ምግብ ሞልቶታል፤ መጠጥ ነው ብል የተከለከለው እርሱው ነው። ስንቅ መንገዱ የማይሰጠውን አስቀድሞ አስቦ ከቤት የሚያዝ ነገር ነው፤ ይህን ደግሞ ከኋላችን ሁለት መቶ ሰው ተሰልፎ ማስረዳት አይቻልም። ጠጁ በዓይናችን ፊት ተደፋ።

ነገሩ ከዚያ በኋላ ሲመላለስብኝ ቆየ። የራሱን መጠጥ ይዞ መርከብ የሚሳፈር መንገደኛ በጥንት ዘመን እንዴት ይታይ ነበር?

ሥነ ጽሑፍ ለሚወድድ ሰው መነሻው ሆሜር ነው። በ«ኦዲሲ» ዘጠነኛ መጽሐፍ ኦዲሲየስ ወደ አንድ ዓይናው ግዙፍ ዋሻ ሲያመራ ከመርከቡ በፍየል ቆዳ አቁማዳ ጥቁር የወይን ጠጅ ይዞ ይወርዳል። ወይኑን በዐሥራ ሁለት ጋን ሞልቶ የሰጠው የአፖሎ ካህን ማሮን ነው፤ ከጥፋት ስላተረፉት ስጦታው ነበር። አንዱ ጽዋ በሃያ እጅ ውኃ ይበረዝ እንደ ነበር ባለቅኔው ይነግረናል። ፖሊፌመስ ግን ሳይበረዝ ሦስት ጊዜ ተቀድቶለት ጨለጠው፤ ሰከረ፤ ተኛ፤ ዓይኑን አጣ። ያ አቁማዳ እንደ አክስቴ ፕላስቲክ በመሰላሉ ሥር ተደፍቶ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚያው ዋሻ ውስጥ ባለቀ ነበር።

የአክስቴን ቃል በትክክል የተረጎመልኝ ግን ሆሜር አይደለም፤ ዊልያም ዌይ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ ነው። የኢተን ኮሌጅ ባልደረባ የነበረው ይህ ሰው በ1458 እና በ1462 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከቬኒስ በመርከብ ተነሥቶ ኢየሩሳሌምን ተሳለመ፤ ከእርሱ በኋላ ለሚሄዱትም ምክር ጽፎ ተወ። በዚያ ዘመን የእኛም መነኮሳት ኢየሩሳሌም ነበሩ፤ መንገዳቸው ግን በአብዛኛው በግብፅ በኩል ስለ ነበር የቬኒስ ወይን ሻጮች አያውቋቸውም።

ዌይ ጥርጣሬ የሚያበዛ፣ ለዚያም የሚወደድ ሰው ነው። ለደርሶ መልሱ ጉዞ፣ ምግብና መጠጥ ጨምሮ፣ አርባ ዱካት ይከፈላል። የመርከቡ ጌታ በቀን ሁለት ጊዜ ትኩስ ምግብ፣ ጥሩ ወይንና ንጹሕ ውኃ እንዲሰጥ አዋውሉት ይላል፤ ወዲያው ግን አትመኑት ይላል። የመርከቡ ዳቦና ወይን የማይረባ፣ ውኃውም የሚሸት ይሆናልና ከራሳችሁ መብላትና መጠጣት ደስ የሚላችሁ ቀን ብዙ ነው። ስለዚህ ለግማሽ ደርዘን ዶሮ የሚሆን ማጎሪያ ይገዛል፤ በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በሦስት ዱካት ፍራሽ ከነአልባሳቱ ይገዛል፤ ሲመለሱም ቢያረጅ ቢቀደድ ሻጩ በአንድ ዱካት ተኩል መልሶ ይወስደዋል። እያንዳንዳቸው ዐሥር ጋሎን የሚይዙ ሦስት በርሜሎችም ይያዛሉ፤ ሁለቱ ለወይን፣ አንዱ ለውኃ።

ከሁለቱ የወይን በርሜሎች አንዱ ቀይ ወይን ተሞልቶ ወደ አገር መመለስ እስኪጀመር ድረስ አይነካም፤ ሕመም ወይም ሌላ ችግር ካላስገደደ በቀር። ምክንያቱን ዌይ በግልጽ ይናገራል። ተቅማጥ የያዘህ እንደ ሆነ፣ ቬኒስን ርቀህ ከሄድህ በኋላ ለአንድ በርሜል ሃያ ዱካት ብትሰጥ እንኳ አታገኝም። ሃያ ዱካት የሙሉ ጉዞው ዋጋ እኩሌታ ነው! ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዘው እንግሊዛዊ በዚያ አገር ከሞት ቢተርፍ እንደ ተአምር የሚቆጥር ሰው ስለ ነበር፣ ያ ያልተከፈተ በርሜል ለእርሱ መድኃኒት ቤቱ ነበር። ሳምንታት ሙሉ በሚነድ ሙቀት ውስጥ የመርከቡን መጥፎ ወይን እየጠጣ፣ ጥሩውን እግሩ ሥር አስቀምጦ የሚታገሥ ተሳላሚ ይታየኛል። ስንቅ ማለት ይኸው ነው።

ወደ እኛ ዘመን ስቀርብ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ ባገደችበት ወቅት ባሕር የጠጪዎች መሸሸጊያ ሆነ። በሚያዝያ 1923 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የእንግሊዙ ኩናርድ ኩባንያ ባቀረበው ክስ ላይ ሲፈርድ፣ የውጭ አገር መርከቦች ለመልስ ጉዟቸው የያዙትን መጠጥ አሽገውም ቢሆን ወደ አሜሪካ የባሕር ክልል ማስገባት እንደማይችሉ ወሰነ። በጥር 1924 ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ውል ይህን አላላው፤ መጠጡ እንደ ታሸገ ይግባ፣ በምላሹም አሜሪካ ኮንትሮባንድ ጫኝ መርከቦችን ከጠረፉ የአንድ ሰዓት ጉዞ ያህል ርቃ ትፈትሽ ተባለ። የወይን ማሸጊያ የሁለት መንግሥታት ጉዳይ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ከልካዩ ንግድ ነው። የመጠጥ ሽያጭ ለሽርሽር መርከቦች ትልቅ ገቢ በመሆኑ፣ ብዙዎቹ ኩባንያዎች ለአንድ አዋቂ መንገደኛ በመሳፈሪያው ቀን ከአንድ 750 ሚሊ ሊትር የወይን ጠርሙስ በላይ አይፈቅዱም፤ በመመገቢያ አዳራሽ ሲከፈትም የቡሽ ዋጋ ያስከፍላሉ። የአፍ መጉመጥመጫ በሚሸጥበት ጠርሙስ ውስጥ አረቄ ቀለም ቀላቅለው የሚያሳልፉ ሰዎች መኖራቸውንም ሰምቻለሁ፤ ለእነርሱ ጥብቅና አልቆምም።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ቋንቋችን ወይንን «የወይን ጠጅ» ይለዋል፤ ጠጅ ባለቤቱ፣ ወይን ዘርፉ ነው። በዚያ የመፈተሻ ጠረጴዛ ላይ ግን ዘርፉ አለፈ፣ ባለቤቱ ተደፋ።

አክስቴ የተፈቀደላቸውን ጠርሙስ ስድስት ቀን ሙሉ አላስነኩም። «ምን እንደሚመጣ አይታወቅም» እያሉ በቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ በነጠላቸው ጠቅልለው አስቀመጡት። ዌይን ያን ጊዜ አላነበብሁትም ነበርና ሳቅሁባቸው። በመጨረሻው ምሽት ወደ አዳራሹ ይዘነው ወረድን፤ ዐሥራ አምስት ዶላር ከፍለን አስከፈትነው። አስተናጋጁ በትሕትና ጥቂት ቀድቶላቸው ፍርዳቸውን ይጠባበቅ ጀመር። ቀመሱት፤ አሰላሰሉት።

«ጌሾ የለውም» አሉኝ። «ይህን ግን አትንገረው።»