የኮንሶ የድንጋይ ካብ ከተሞች

የኮንሶ የድንጋይ ካብ ከተሞች በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በኮንሶ ዞን፣ በተራሮች ጀርባና በኮረብታ አናት ላይ የሚገኙ በካብ የታጠሩ ጥንታዊ መንደሮች ናቸው። በአካባቢው ቋንቋ «ፓለታ» ይባላሉ። ከእርሻ እርከኖቻቸው፣ ከባህላዊ ደኖቻቸውና ከመቃብር ሐውልቶቻቸው ጋር «የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር» በሚል ስም በሰኔ 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2011) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። ብዙዎቹ የታሪክ ቅርሶች ዛሬ ሰው የማይኖርባቸው ሲሆኑ፣ የኮንሶ ከተሞች ግን አሁንም ነዋሪዎቻቸው የሚወልዱባቸው፣ የሚዳኙባቸውና የሚያርሱላቸው መንደሮች ናቸው።

አቀማመጥ

የኮንሶ ደጋ ከባሕር ወለል በላይ በአብዛኛው ከ1,400 እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ አለው። የዞኑ ዋና ከተማ ካራት ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአርባ ምንጭ ደግሞ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ደጋው ዙሪያውን በሞቃት ቆላ የተከበበ ነው። በምዕራብ የወይጦ ሸለቆ፣ በምሥራቅ የሰገን ወንዝ፣ በደቡብ ምዕራብ ደግሞ ወደ ጨው ባሕር የሚዘረጋው የአርቦሬ ሜዳ ይገኛሉ። ዝናቡ አነስተኛና የማይታመን፣ መሬቱም ድንጋያማና ተዳፋት ነው። የኮንሶ ሰው ይህንኑ ድንጋይ ለቤቱ መጠበቂያ፣ ለአፈሩ ማቆያና ለታሪኩ መቁጠሪያ አድርጎታል።

አመሠራረት

የከተሞቹ ዕድሜ በ21 ትውልድ ይቆጠራል፤ ይህም ከ400 ዓመት በላይ ይሆናል። ቦታዎቹ የተመረጡት ለመከላከል ስለሚያመቹ ነው። ከኮረብታው አናት ሆኖ የሚመጣውን ጠላት ከሩቅ ማየት ይቻላል፤ ወባ የሚበዛበት ቆላም ከታች ይቀራል። ከአጎራባች ሕዝቦች ጋር ብቻ ሳይሆን በኮንሶ ከተሞች መካከልም ጦርነት ይነሣ ስለነበር፣ እያንዳንዱ ከተማ ራሱን ችሎ የሚታጠርና የሚተዳደር ነበር። ኮንሶን በአንድነት የሚገዛ ንጉሥ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1897 የአፄ ምኒልክ ጦር አካባቢውን ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ቀላቀለው።

እንግሊዛዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ክሪስቶፈር ሃልፓይክ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኮንሶ ኖሮ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1972 በመጽሐፍ አሳትሟል። ሥራው ስለ ኮንሶ ማኅበራዊ አደረጃጀት በስፋት ከሚጠቀሱት አንዱ ነው።

ካቡና የከተማው አሠራር

አንድን ከተማ ከአንድ እስከ ስድስት ዙር የሚደርስ ካብ ያጥረዋል። ካቡ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረደረ የሚሠራ ነው። መሐለኛው ዙር የመጀመሪያው ነው። ሕዝቡ ሲበዛና ቤቶች ከካቡ ውጭ ሲሠሩ ሌላ ዙር ይጨመራል። ስለዚህ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገባ ጎብኚ ከአዲሱ ወደ አሮጌው ዘመን እየተጓዘ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ከተማው የሚያስገቡት በሮች ጥቂቶች ናቸው። ከበሮቹ የሚነሡት መተላለፊያዎች ጠባብና ጠመዝማዛ ስለሆኑ የማያውቃቸው ሰው በቀላሉ ይጠፋባቸዋል። የየቤተሰቡ ግቢም በድንጋይና በእንጨት ታጥሮ ዝቅተኛ መግቢያ ይደረግለታል። የሚገባው ሰው አጎንብሶ ወይም በእጁ ተደግፎ ማለፍ ስላለበት፣ በክፉ የመጣ እንግዳ ቀና ከማለቱ በፊት ባለቤቱ ይቀድመዋል። ክብ የሆኑት የሣር ክዳን ቤቶች ጫፋቸው ላይ የሸክላ ማሰሮ ይደፋባቸዋል።

ሞራ

ሞራ በከተማው ውስጥ የሚገኝ የጋራ አደባባይ ነው። በአንዳንድ ከተሞች የሞራዎቹ ብዛት እስከ 17 ይደርሳል። ሽማግሌዎች ጠብ የሚያበርዱት፣ ጉዳይ የሚመክሩትና ዳኝነት የሚሰጡት፣ ወጣቶች የሚጫወቱት፣ በዓልም የሚከበረው እዚያ ነው። በአብዛኛዎቹ ሞራዎች ከፍ ያለ የሣር ክዳን ያለው «ፓፍታ» የሚባል የጋራ ቤት አለ። ታችኛው ክፍል ክፍት ሲሆን ቀን የመቀመጫና የጨዋታ ቦታ ነው። ላይኛው ክፍል የወጣት ወንዶች ማደሪያ ነው። ወጣቶቹ በአንድ ቦታ የሚያድሩት እሳት ሲነሣ፣ ጠላት ሲመጣ ወይም ሰው በሌሊት ሲታመም በአንድ ጊዜ እንዲደርሱ ነው።

በሞራው የሚተከሉ ሁለት ምልክቶች የከተማው መዝገብ ሆነው ያገለግላሉ። አንደኛው የትውልድ ግንድ ነው። በኮንሶ የትውልድ ሥርዓት ሥልጣን ከአንዱ የዕድሜ እርከን ወደ ቀጣዩ የሚተላለፈው በብዙ ቦታ በየ18 ዓመቱ ሲሆን፣ በርክክቡ ጊዜ አንድ ረጅም የጥድ ግንድ በቀድሞዎቹ አጠገብ ይቆማል። ሁለተኛው «ዳጋ ሄላ» የሚባለው የትውልድ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ በሥርዓት ተፈልጦ፣ በብዙ ሰው ጉልበት ተጓጉዞ ይተከላል። ኮንሶዎች ትልልቅ ድንጋይ የማቆም ልማድን እስከ ዛሬ ከጠበቁት የመጨረሻዎቹ ሕዝቦች መካከል የሚቆጠሩት በዚህ ምክንያት ነው። በጽሑፍ ያልተያዘው የከተማው ዕድሜ ግንዶቹንና ድንጋዮቹን በመቁጠር ይገመታል።

ፖቃላና ባህላዊ ደኖች

ኮንሶዎች በዘጠኝ ጎሳዎች ይከፈላሉ። የአንድ ጎሳ ሰዎች እርስ በርስ አይጋቡም። የጎሳው መንፈሳዊ መሪ «ፖቃላ» ይባላል። ከፖቃላዎቹ መካከል ካላ፣ ባማሌና ኩፋ በሰፊው የሚታወቁ ናቸው። የፖቃላው ግቢ ከከተሞቹ ውጭ፣ በደን ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ደኑ የመሪዎች መቃብርና የባህል መድኃኒት መልቀሚያ ነው። ዛፍ እንዳይቆረጥበት ባህሉ ይከለክላል። የፖቃላው ቤት ከከተሞቹ መራቁ በጠበኞች መካከል ገለልተኛ አስታራቂ ሆኖ እንዲቆም ረድቶታል። ቀደም ባለው ልማድ የካላ ፖቃላ ሲሞት አስከሬኑ እንዳይፈርስ ተደርጎ ዘጠኝ ዓመት ከዘጠኝ ወር ከዘጠኝ ቀን ከቆየ በኋላ ይቀበር ነበር።

ዋካ

ዋካ ለጀግና ወይም ለታላቅ ሰው መቃብር የሚቆም፣ ከጠንካራ እንጨት የሚጠረብ የሰው ምስል ነው። ብዙውን ጊዜ የሚቆሙት በቡድን ነው። መሐል ሟቹ፣ በጎንና ጎኑ ሚስቶቹ፣ ከዚያም የገደላቸው ጠላቶች ወይም አውሬዎች ይደረደራሉ። ስለዚህ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ማንበብ የማይችልም ሰው ከምስሎቹ ሊረዳው ይችላል። አዲስ ዋካ መጥረብ በአሁኑ ጊዜ በእጅጉ ቀንሷል። የቀሩትም በምስጥና በዝናብ ይጎዳሉ፤ ብዙዎቹም ተሰርቀው ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። ከሌቦች የተያዙ ዋካዎች በካራት በሚገኘው የኮንሶ ሙዚየም ለእይታ ቀርበዋል። አንድ ዋካ ከመቃብሩ ሲነቀል የሚጠፋው እንጨቱ ብቻ አይደለም። የማን መቃብር እንደነበረና ከማን ጋር እንደቆመ የሚናገረው ቅደም ተከተልም አብሮ ይጠፋል።

እርከኖች

ከከተሞቹ በታች ተራሮቹ በእርከን ተሸፍነዋል። የእርከኑ ካብ በአንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ከፍታ አለው። ካቡ አፈሩ በጎርፍ እንዳይታጠብ ይይዛል፣ የዝናቡን ውኃ ያቆያል፣ የተረፈውን ደግሞ ጉዳት ሳያደርስ ያሳልፋል። በእርከኑ ላይ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ጥጥና ጥራጥሬ ተሰባጥረው ይዘራሉ። ሽፈራው (ሞሪንጋ) በማሳውም በግቢውም ይተከላል፤ ቅጠሉ ተቀቅሎ ከእህል ጋር ይበላል። ከብቶች ታስረው ስለሚቀለቡ ፍጋቸው ወደ ማሳው ይጋዛል። «ሃርዳ» የሚባሉት የጋራ የውኃ ማቆሪያዎችም እንደ እርከኖቹ በደቦ ተቆፍረው በደቦ ይጠገናሉ።

ከአርቦሬና ከቆላው ጋር ያለ ግንኙነት

ከኮንሶ ደጋ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ከወይጦ ወንዝ ታችኛ ክፍል እስከ ጨው ባሕር አካባቢ ባለው ሜዳ የአርቦሬ ሕዝብ ይኖራል። አርቦሬዎች በደቡብ ኦሞ ዞን የሚኖሩ አርብቶና አርሶ አደሮች ሲሆኑ፣ ቋንቋቸው እንደ ኮንሶኛ ከኩሽ ቋንቋዎች ይመደባል። የሚኖሩበት ሜዳ በደጋውና በኦሞ ሸለቆ መካከል የንግድ መተላለፊያ ሆኖ ቆይቷል። የደጋው ሸማና የብረት ሥራ ወደ ቆላ፣ የቆላው ከብት ወደ ደጋ ይሄዳል። ሁለቱን አካባቢዎች በአንድ ጉዞ የሚያይ ሰው ልዩነቱን በግልጽ ያስተውላል። በደጋው ሰውን የሚጠብቀው ካብ ነው። በሜዳው ግን ድንጋይ የለም፤ ከብቱ ወደ ግጦሽና ወደ ውኃ መንቀሳቀስ ስላለበትም ቤቱ ከእንጨት፣ ከደንገልና ከሣር ይሠራል።

ጉብኝት

አብዛኛው መንገደኛ ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ካራት ያድራል፣ ከዚያ በወይጦ በኩል ወደ ጂንካ ወይም በአርቦሬ አድርጎ ወደ ቱርሚ ይቀጥላል። በጎብኚዎች ዘንድ ከሚታወቁት ከተሞች መካከል መጨቄ፣ ጋሞሌ፣ ዶካቱና ቡሶ ይገኛሉ። በገሰርጊዮ ደግሞ ጎርፍ የሸረሸረው አፈር እንደ ሕንፃ ቀጥ ብሎ ስለሚታይ ስፍራው «ኒው ዮርክ» የሚል ቅጽል ስም አግኝቷል። የካራት ገበያ ሰኞና ሐሙስ ይቆማል። ከተሞቹን ለማየት በካራት ፈቃድ ማውጣትና የአካባቢውን አስጎብኚ መያዝ የተለመደ ነው። መንደሮቹ የሰው መኖሪያ ስለሆኑ ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት ማስፈቀድ ያስፈልጋል። አንዳንድ ሞራዎች ለወንዶች ብቻ የተፈቀዱ ስለሆኑ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ከሌሎች ቅርሶች ጋር ሲነጻጸር

እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጎንደር ፋሲል ግቢ 900 ሜትር ርዝመት ባለው አጥር የተከበበ የነገሥታት መኖሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የተመዘገበው የሐረር ጀጎል ደግሞ የእስልምናና የንግድ ማዕከል የሆነ ከተማ ግንብ ነው። የኮንሶ ካብ ከሁለቱም የሚለየው ንጉሥ ወይም አሚር ሳያዝዘው፣ ገበሬዎች በጋራ ስለሠሩትና ስለሚጠግኑት ነው። በአቀማመጡ በአውሮፓ በኮረብታ አናት ላይ የተሠሩትን የመካከለኛው ዘመን ከተሞች ይመስላል፤ ነገር ግን የጌታ ግንብ የሚቆምበት መሐል ቦታ በኮንሶ የሞራ አደባባይ ነው።

የጥበቃ ችግሮች

ካቡ ያለ ማያያዣ የተሠራ በመሆኑ በየጊዜው ካልተጠገነ ይናዳል። ጥገናው የሚቆመው በደቦ ስለሆነ የቅርሱ ሕልውና በወጣቱ ጉልበት ላይ የተመሠረተ ነው። ወጣቶች ለትምህርትና ለሥራ ወደ ከተማ ሲሄዱ፣ ድርቅ ሲደጋገም፣ በሣር ክዳን ምትክ ቆርቆሮ ሲመጣና አዳዲስ ቤቶች ከካቡ ውጭ ሲሠሩ የጥንቱ አሠራር ይዳከማል። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ከአስተዳደር ጥያቄ ጋር ተያይዞ የተነሣው ግጭትም ቤቶችን አቃጥሏል፤ ሰዎችንም አፈናቅሏል። ኮንሶ በ2011 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዞን ሆኗል። የፋሲል ግቢን ግድግዳ የግንባታ ባለሙያ ሊጠግነው ይችላል። የኮንሶን ካብ ግን የሚያቆመው ሞራው ላይ ተሰብስቦ ነገ ለደቦ የሚወጣ ሰው ነው፤ ስለዚህ ከካቡ ጋር ሥርዓቱን መጠበቅ የግድ ይሆናል።