የዕድል ቋንቋ፦ ሙሉ ወጪው የተሸፈነ የውጭ አገር የማስተርስ ትምህርት በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ

«የነፃ ትምህርት ዕድል» የሚለው የአማርኛ ሐረግ ትምህርቱ ዋጋ እንደማይከፈልበት ብቻ አይናገርም። «ዕድል» ከ«ዐደለ» የወጣ በመሆኑ አዳይ መኖሩን በውስጡ ይዟል፤ «ታደለ» የሚለው ግስ ግን አዳዩ ማን እንደሆነ ሳይገልጽ ያልፋል። የስዋሂሊ ተናጋሪዎች «ኡፋዲሊ ዋ ማሶሞ» ሲሉ ነገሩን ከቸርነት ወገን ይመድቡታል። ፈረንሳይኛው «ቡርስ» ከቦርሳ ይነሣል፤ ሩስኛው «ስቲፔንዲያ» ደግሞ በላቲን የወታደር ደመወዝ ይባልበት ከነበረው ቃል የመጣ ነው። የአካባቢው ምሁራን ባለፉት መቶ ዓመታት እነዚህን ቃላት ሁሉ እየተፈራረቁ አውቀዋቸዋል። አዳዩ በተለወጠ ቁጥር ዕድሉ የሚታደልበት ቋንቋም አብሮ ተለውጧል፤ ከገንዘቡ ይልቅ ብዙ ሰው ያስቀረውም ይህ ሁለተኛው ጉዳይ ነው።

በኢትዮጵያ ከጣሊያን ወረራ በፊት (ዘመናቱ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትና በ1925 የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛን ዋና የትምህርት ቋንቋቸው አድርገው ነበር። ስለዚህም የከፍተኛ ትምህርት መንገድ ለብዙዎች ወደ ፈረንሳይ ያመራ ነበር። ከ1941 በኋላ እንግሊዝኛ ቦታውን ሲይዝ መንገዱም ወደ ብሪታንያና ወደ አሜሪካ ዞረ። በ1950ዎቹ በአሜሪካ ርዳታ የተቋቋመው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ወጣት መምህራኑን ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ኦክላሆማ ይልክ ነበር።

በደርግ ዘመን ወደ ሶቭየት ኅብረት የሄዱት ተማሪዎች ታሪክ በአንድ ነጥብ ከሌላው ሁሉ ይለያል። ሩስኛ ማወቅ የመግቢያ መስፈርት አልነበረም፤ ተማሪው የመጀመሪያውን ዓመት በመሰናዶ ክፍል ቋንቋውን ሲማር ያሳልፍ ነበር። ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ ብዙዎች ከማስተርስ ጋር የተስተካከለ ዲፕሎማ ይዘው ተመለሱ። ምርጫው ከፖለቲካ ታማኝነት ሚዛን ነፃ ነበር ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ቋንቋን አስቀድሞ የሚፈተን ችሎታ ሳይሆን ለተመረጠው ሰው የሚሰጥ ትምህርት አድርጎ መመልከቱ ያ ሥርዓት ከብዙ ተተኪዎቹ የሚሻልበት ጎን ነው።

ይህን አሠራር በሌላ ዓላማ መልሶ ያነሣው የፎርድ ፋውንዴሽን ነበር። ድርጅቱ ለአካባቢው የሥነ ልሳን ባለሙያዎች እንግዳ አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በታንዛኒያና በዛምቢያ የተካሄደውን የቋንቋ አጠቃቀምና የቋንቋ ትምህርት ጥናት በገንዘብ የደገፈው እርሱ ነው። በ1976 የታተመው በቤንደር፣ በቦወን፣ በኩፐርና በፈርጉሰን የተዘጋጀው ስለ ኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሚናገር መጽሐፍም የዚያ ጥናት ውጤት ነው። ጥናቱ በየአገሩ የሚነገሩትን ቋንቋዎች ዘርዝሮ የት፣ በማንና ለምን እንደሚነገሩ አሳየ።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ በ2001 ይኸው ፋውንዴሽን በ280 ሚሊዮን ዶላር መነሻ ዓለም አቀፍ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ፕሮግራም ከፈተ። እስከ 2013 ድረስ በ22 አገሮች ከ4,300 በላይ ሰዎችን አስተማረ። ከቋንቋ ጥናቱ አምስት አገሮች ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በዚህ ፕሮግራም ሲካተቱ ኢትዮጵያ አልተካተተችም። የሚመረጡት የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸው፣ በሥራና በማኅበረሰብ አገልግሎት ልምድ ያካበቱ፣ ከፍተኛ ትምህርት በቀላሉ ከማይደርሳቸው ወገኖች የመጡ ሰዎች ነበሩ። ድጋፉ እስከ ሦስት ዓመት ይዘልቅ ነበር። ተመራጮቹም ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት የቋንቋ፣ የኮምፒዩተርና የጥናት ዘዴ ሥልጠና ያገኙ ነበር።

የዚህ ሥልጠና ትርጉም የሚታየው ከየአገሩ የትምህርት ቋንቋ ጋር ሲነጻጸር ነው። የታንዛኒያ ተማሪ የመጀመሪያ ደረጃን በስዋሂሊ ተምሮ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ በአንድ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል፤ ኬንያዊው ከዚያ ቀደም ብሎ እንግሊዝኛ ውስጥ ይገባል። ኬንያ ውስጥም ቢሆን የናይሮቢ ልጅና የአርብቶ አደር ልጅ እንግሊዝኛን የሚያገኙት በአንድ ዓይነት መንገድ አይደለም። ለሁሉም አንድ የሆነ የቋንቋ ፈተና እነዚህን ሰዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲለካ በከፊል የሚለካው አስተዳደጋቸውን ነው። ፕሮግራሙ ቋንቋን ከምርጫ በኋላ የሚሞላ ጉድለት አድርጎ ሲቆጥር ይህን የተረዳ ይመስላል።

ዛሬ በሰፊው የሚታወቁት ዕድሎች ግን በሌላ ሥርዓት የሚመሩ ናቸው። የብሪታንያ መንግሥት በ1983 የጀመረው ቺቭኒንግ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ለአንድ ዓመት ማስተርስ ሙሉ ወጪ ይሸፍናል፤ የሁለት ዓመት ያህል የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ተማሪውም ትምህርቱን ሲጨርስ አገሩ ተመልሶ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ያስገድዳል። አመልካቹ ስለ መሪነቱ፣ ስለሚያውቃቸው ሰዎች ትስስርና ስለ ወደፊት ዕቅዱ በእንግሊዝኛ ይጽፋል።

እዚህ ላይ ችግሩ ከሰዋስው ያልፋል። ራስን ማወደስ በአማርኛ ባይታወቅ ኖሮ ፉከራና ቀረርቶ ባልኖሩ ነበር። ቦታቸው ግን የጦር ሜዳ፣ የአደንና የድግስ አደባባይ ነው፤ ማመልከቻ ላይ ሲመጡ ያስነቅፋሉ። በደብዳቤ ወግ «መራሁ» ከማለት «ሠራን» ወይም «ተሠራ» ማለት ይቀናል፤ የሰውን ብቃት መናገር የሌላ ሰው ድርሻ ነው። በቤተ ክህነት ትምህርትም የደቀ መዝሙሩን ዕውቀት የሚመሰክርለት የኔታው እንጂ ራሱ አይደለም። ጽሑፉ የሚፈልገው ግን በነጠላ ቁጥር፣ በመጀመሪያ መደብና በአድራጊ ግስ የተነገረ ገድል ነው። ስለዚህ አመልካቹ ቃል ብቻ አይተረጉምም፤ ትሕትና ሆኖ የኖረውን የአነጋገር ልማድ ጥሎ ሌላ ይለብሳል። ይህን የሚያውቁት ቀድመው ያለፉት ወይም የሚመክራቸው ያላቸው ስለሆኑ ዕድሉ ዕድል ወዳየው ይሄዳል።

ኖርዌይ በ1990ዎቹ የጀመረችው የኮታ ፕሮግራም መመለስን ያበረታታ የነበረው በብድር ነው፤ ተማሪው አገሩ ሲመለስ ብድሩ ይሰረዝለት ነበር። ፕሮግራሙ በ2010ዎቹ አጋማሽ ሲዘጋ የልማት ገንዘቡ በደቡቡ ዓለም ያሉትን ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ማጠናከር አዘነበለ። አዲስ አበባና ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲዎች ከኦስሎና ከትሮንድሃይም ጋር የሥነ ልሳን አቅም ለመገንባት የሠሩት ሥራ በዚህ መንገድ የተደገፈ ነው። የማስተርስ ተማሪው ከሚያጠናው ቋንቋ ተናጋሪዎች ሳይርቅ መማር ቻለ፤ የአንድ ዓመቱ የውጭ ትምህርት ለመስክ ሥራ የሚነፍገውን ጊዜም አገኘ። በሥነ ልሳን የመመረቂያ ጽሑፉ ግን እንደ ቀድሞው በእንግሊዝኛ ይጻፋል። በ2001 በላይደን የቀረበው የአዜብ አምሃ የማሌኛ ሰዋስውም፣ በ2003 በኮሎኝ የታተመው የዘለዓለም ልየው የቅማንትኛ ጥናትም የተጻፉት በዚሁ ቋንቋ ነው፤ ማሌኛን ከእናቱ የተማረ አንባቢ ስለ ቋንቋው የተጻፈውን ይህን ሰዋስው ለማንበብ በቅድሚያ እንግሊዝኛ መማር ይኖርበታል።