ጉልበት አውጪ ዘንግ፦ ማጨጃና ትራክተር የሚመዘኑበት ቁጥር

ሪያድ ውስጥ ትራክተር የሚሸጥ ሰው ስለ ጉልበቱ ሲጠየቅ «ኸምሲን ሒሳን» ይላል፤ ሃምሳ የፈረስ ጉልበት ማለቱ ነው። ኮፈኑ ላይ የሚለጠፈውም ብዙ ጊዜ ይኸው የሞተር ጉልበት ነው። ማጨጃ የሚያዞረው ጉልበት ግን ከዚህ ያነሰ ሌላ ቁጥር ነው፤ ገዢውም ሠራተኛውም ማወቅ ያለባቸው እሱን ነው።

ከትራክተሩ ኋላ፣ ከሹፌሩ መቀመጫ በታች፣ ጥርስ ያላት አጭር ብረት ወጣ ብላ ትታያለች። መካኒኮች በእንግሊዝኛው ምህፃረ ቃል ፒቲኦ ይሏታል። እኔ «ጉልበት አውጪ ዘንግ» ብያታለሁ፤ ሥራዋ የሞተሩን ጉልበት ወደ ውጭ አውጥቶ ለተቀጽላ መሣሪያ ማቀበል ነውና። በካርዳን (በማገናኛ ዘንግ) ከእሷ ጋር የሚገናኘውንና ቢላዎቹን ከመሬት ጋር አግድም የሚያሽከረክረውን መሣሪያ ደግሞ «የሽክርክሪት ማጨጃ» እንበለው። «ተሽከርካሪ ማጨጃ» ከተባለ አንባቢው መኪና መስሎት ይሳሳታል።

ጉዳዩ ሪያድ ላሉ ወገኖቻችን ሩቅ አይደለም። በመጋቢት 2019 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው «አረንጓዴ ሪያድ» 7.5 ሚሊዮን ዛፍ ለመትከል ያለመ ነው። በቀድሞው የአየር ኃይል ጣቢያ ላይ የሚገነባው የንጉሥ ሰልማን ፓርክ ከ16 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል። 120 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የዋዲ ሐኒፋ ሸለቆ ደግሞ ከቆሻሻ መጣያነት ወጥቶ ለማገገሙ በ2010 እ.ኤ.አ. የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማት ተሰጥቶታል። ሳር፣ አረምና ሸምበቆ ባለበት ሁሉ የሚያጭድ ሰው ያስፈልጋል። በአትክልት ስፍራና በመዝረዓ (በእርሻ ቦታ) ከሚሠሩት መካከል ደግሞ ኢትዮጵያውያን አሉ።

ወደ ስሌቱ እንግባ። ከሞተሩ እስከ ዘንጓ ድረስ በማርሽና በፓምፕ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ጉልበት ይጠፋል። ስለዚህ የ50 ፈረስ ትራክተር ዘንጉ ላይ 42 ያህል ይሰጣል። ይህ ቁጥር በመመሪያው መጽሐፍ ውስጥ ለብቻው ይጻፋልና ሻጩን ጠይቁት። በአሜሪካ የነብራስካ ግዛት በ1919 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ መሠረት ከ1920 ጀምሮ ትራክተሮችን የሚፈትሽ ጣቢያ አለ፤ ሕጉ የወጣው አምራቾች የሚናገሩት ጉልበትና ገበሬው እርሻ ላይ የሚያገኘው አልገናኝ ስላለ ነበር።

ከ42ቱ ላይ ደግሞ የሪያድ አየር የራሱን ይቀንሳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በበጋ ሙቀቱ ከ43 ዲግሪ ያልፋል። የሞቀ አየር ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው ኦክስጅን ያንስበታል። አቧራው ፊልትሮውንና ራዲያተሩን ሲደፍን ይብሳል። በጥንቃቄ 10 በመቶ ብንቀንስ 38 ይቀረናል። አዲስ አበባ ላይ ሙቀቱ ቀርቶ ከፍታው ብቻ ከእንዲህ ዓይነቱ ሞተር አንድ አምስተኛ ገደማ ይወስዳል፤ አገር ቤት ትራክተር ለመላክ የሚያስብ ይህን ቢይዝ ይጠቀማል።

አሁን ማጨጃው። በተለምዶ ለቀላል ሳር ለእያንዳንዱ አንድ ሜትር ስፋት 16 ወይም 17 የዘንግ ፈረስ ይበቃል። ለጥቅጥቅ አረም፣ ለሸምበቆና ለቁጥቋጦ ከ25 እስከ 30 ያስፈልጋል። 1.8 ሜትር ስፋት ያለው ማጨጃ ሳር ላይ 30 ፈረስ ስለሚፈልግ በ38ቱ ተመችቶት ይሠራል። ሸምበቆ ውስጥ ሲገባ ግን ቢያንስ 45 ይጠይቃል፤ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ዙሩ ይወድቃል፣ ቢላው መቁረጡን ትቶ መቦጨቅ ይጀምራል። ለሸምበቆው የሚስማማው 1.5 ሜትሩ ነው፤ እሱም 38ቱን አሟጦ ነው የሚሠራው።

እዚህ ላይ ሌላ መለኪያ ይጋፋል። ማጨጃው የኋላ ጎማዎቹን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ መሸፈን አለበት፤ ካልሸፈነ ጎማው ያስተኛው ሳር ሳይታጨድ ይቀራል። የጎማዎቹ ስፋት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 1.7 ሜትር ሆኖ ማጨጃው 1.5 ከሆነ፣ ማጨጃውን ወደ አንድ ጎን ገፋ አድርጎ ማሰርና እያንዳንዱን መስመር በትንሹ እየደረቡ መሄድ ነው። እኔ ጠባቡን እመርጣለሁ። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ትራክተሩን አያቃጥልም።

ክብደቱም አይረሳ። ከኋላ የተንጠለጠለ ከባድ ማጨጃ የትራክተሩን ፊት ያቀልላል፤ ከጠቅላላው ክብደት ቢያንስ 20 በመቶው የፊት ጎማ ላይ ካልቀረ መሪው አይታዘዝም። ይህ በዋዲው ተዳፋት ላይ ሰው ይገድላል። መፍትሔው የፊት ሚዛን ብረት መጨመር ነው።

የተገላቢጦሹም ስህተት አለ፤ ትንሽ ማጨጃን ከትልቅ ትራክተር ጋር ማሰር። የማጨጃው የማርሽ ሳጥን የሚችለው ጉልበት ሰሌዳው ላይ ተጽፏል፤ ከዘንጉ ጉልበት ማነስ የለበትም። ካርዳኑ ላይ ያለው መከላከያ ቡሎን ሆን ተብሎ ለስላሳ የተሠራ ነው፤ ቢላው ድንጋይ ሲመታ እሱ ተሰብሮ ማርሹን ያድናል። በተሰበረ ቁጥር ተሰላችቶ ጠንካራ ቡሎን የሚያስገባ ሰው ብዙ ነው። ያኔ ድንጋዩን የሚቀበለው ማርሹ ነው።

አብዛኛው ማጨጃ የተሠራው ዘንጓ በደቂቃ 540 ዙር እንድትዞር ታስቦ ነው። በዚህ ፍጥነት የሠራተኛ ቀሚስ ወይም ሻሽ ከያዘች ለማምለጥ ጊዜ የለም። የካርዳኑ የፕላስቲክ መሸፈኛ ከወለቀ ወይም ከተሰነጠቀ ሥራውን አለመጀመር፣ የታነቀ ሳር ለማውጣትም ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ነው።

ያለው ማጨጃ ሰፊው ብቻ ከሆነና ሸምበቆው መታጨድ ካለበት፣ ዙሩን 540 ላይ አቆይቶ ማርሽን ዝቅ ማድረግ፣ መጀመሪያ ከፍ አድርጎ ማጨድ፣ ከዚያ ተመልሶ ዝቅ አድርጎ ማጨድ፣ በየመስመሩም የማጨጃውን ግማሽ ስፋት ብቻ ማስገባት ይቻላል። ሥራውን ማለዳ ጀምሮ ፀሐይ ሳይበረታ መጨረስም ለሰውየውም ለሞተሩም ይበጃል።