ላፕቶፑ ከአፕዴት በኋላ አልነሳ ሲል

ማታ ስክሪኑ ላይ አፕዴት ይደረግ የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤ ከቤተሰቡ አንዱ እሺ ብሎ ይጫናል። ጠዋት መብራቱ ይበራል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው «ኮምፒውተሩ ሞተ፣ ፎቶውም አብሮ ጠፋ» ብሎ ያዝናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፎቶው አለ፤ የተበላሸው ሌላ ነገር ነው።

ያ ነገር ፈርምዌር ይባላል፤ ጠጋኞች ባዮስ ይሉታል። ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድሞ ተነስቶ እሳት እንደሚያነድ ሰው ነው። ስክሪኑን፣ ኪቦርዱንና ዲስኩን ቀስቅሶ ሥራውን ለዊንዶውስ ያስረክባል፤ እሱ ካልተነሳ ማንም አይነሳም። የሚቀመጠው ማዘርቦርዱ ላይ ባለች፣ ብዙውን ጊዜ ስምንት እግር ባላት ትንሽ ቺፕ ውስጥ ነው። ቺፗ የምትይዘው እንደ 16 ወይም 32 ሜጋባይት ያለ ጥቂት ነገር ነው። የሰርጉ ፎቶና ከኢትዮጵያ የመጣው ቪዲዮ ያሉት ዲስኩ ላይ ነው።

ፈርምዌር ሲታደስ አሮጌው ይሰረዝና አዲሱ በቦታው ይጻፋል። በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች መሀል መብራት ከተቋረጠ ቺፗ ግማሽ ተጽፋ ትቀራለች። ስለዚህ ቻርጀሩ ተሰክቶ፣ ባትሪውም ሞልቶ መሆን አለበት። ቻርጀሩ በሻባት ሰዓት ቆጣሪ በኩል ከተሰካ፣ ቆጣሪው በሰዓቱ መብራቱን ይቆርጠዋል፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አፕዴት መጀመር ጥሩ አይደለም። በአቲቆትም ሆነ በመላው አሽቀሎን ሲረን ከጮኸ ወደ መጠለያ ለመግባት ያለው ጊዜ 30 ሴኮንድ ነው። ላፕቶፑን ሳይነኩ፣ እንደተሰካ ትቶ መሄድ ነው፤ ሥራውን ራሱ ይጨርሳል።

ጥፋቱ ሁልጊዜ የተጠቃሚው አይደለም። በታኅሣሥ ወር 2017 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ኡቡንቱ 17.10 የተባለው ፕሮግራም የብዙ የሌኖቮ ላፕቶፖችን ባዮስ አበላሽቶ ነበር። አዘጋጁ ካኖኒካል ፕሮግራሙን ከድረ ገጹ አንስቶ፣ አስተካክሎ በጥር 2018 መለሰው። ባለቤቶቹ ያጠፉት ነገር አልነበረም።

ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። አፕዴት እየተካሄደም ስክሪኑ ጠፍቶ ሊበራ ይችላልና ቶሎ ማጥፋት ያልተበላሸውን ያበላሻል። ከዚያ ቻርጀሩን፣ ፍላሹን፣ ማውሱን ሁሉ ይንቀሉ። ማብሪያውን 30 ሴኮንድ ያህል ተጭነው ይያዙ፣ ከዚያ ቻርጀሩን ብቻ ሰክተው ያብሩ። ብዙ ላፕቶፕ በዚህ ይነሳል።

ካልተነሳ፣ አንዳንድ ኩባንያዎች ትርፍ ፈርምዌር ደብቀው ያስቀምጣሉ። ኤች ፒ ከሆነ፣ ጠፍቶ ቻርጀሩ እንደተሰካ የዊንዶውስ ቁልፍንና ቢ የተባለውን ፊደል (በዕብራይስጥ ኑን ያለበትን) አብረው ይጫኑ። እነሱን ሳይለቁ ማብሪያውን ሁለት ሦስት ሴኮንድ ተጭነው ይልቀቁ። ስክሪኑ እስኪበራ 40 ሴኮንድ ሊወስድ ይችላል። በብዙ የዴል ላፕቶፖች ደግሞ ቻርጀሩ ተነቅሎ ኮንትሮልና ኢስኬፕ ይያዛሉ፤ እንደያዙ ቻርጀሩ ይሰካል። የኤች ፒ ኬፕስ ሎክ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ስንት ጊዜ እንደሆነ ይቁጠሩና ይጻፉ፤ ለጠጋኙ ይጠቅመዋል።

ወደ ጠጋኝ ከመውሰድ በፊት ግዢው ዓመት ሞልቶት እንደሆነ ይታይ። በእስራኤል ደንብ ከ400 ሼቄል በላይ የሆነ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የአንድ ዓመት አሐራዩት አለው። ጊዜው ካላለፈ ማንም ሳይከፍተው ወደ አስመጪው አገልግሎት ይወሰድ።

ካለፈ፣ ጠጋኙን ሁለት ነገር መጠየቅ ነው። አንደኛ፣ ማዘርቦርዱን ከመለወጥ በፊት ቺፗን እንደገና መጻፍ ይችላል ወይ? ይህ በጣም የረከሰ ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ዲስኩ ሳይጠየቁ እንዳይሰረዝ። «አስተካክዬ አዲስ ዊንዶውስ ጫንኩልዎት» የሚለው ቃል ደስ ይላል፤ ግን ፎቶው ሁሉ ጠፋ ማለት ሊሆን ይችላል። ለተበላሸ ፈርምዌር ዲስክ መሰረዝ አያስፈልግም። በአንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ዲስኩ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ፣ ማዘርቦርዱ ሲለወጥ ፎቶውም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ «ዲስኩ አይሰረዝ» የሚል ቃል መረከቢያው ወረቀት ላይ ይጻፍ።

ላፕቶፑ ተጠግኖ ሲመጣ ሱቁ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት በርቶ ይቆይ። የኢንቴል ላፕቶፕ 30 ደቂቃ ላይ በራሱ የሚጠፋ ከሆነ፣ ወይም ማራገቢያው ያለማቋረጥ የሚጮኽ ከሆነ፣ ከቺፗ አንዱ ክፍል በትክክል አልተጻፈም ማለት ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ ተበላሽቷል ቢባሉ አይመኑ፤ ቺፗ እንደገና ትጻፍ። ሰዓቱና ቀኑም ይታይ፤ ቀኑ ከተሳሳተ ብዙ ድረ ገጾች አይከፈቱም።

ሰማያዊ ስክሪን 48 አሐዝ ያለው የቢትሎከር ቁልፍ ከጠየቀ መደንገጥ አያስፈልግም። ፈርምዌር ወይም ማዘርቦርድ ሲለወጥ ዲስኩ ባለቤቱን ማረጋገጥ ይፈልጋል። ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ላፕቶፑ መጀመሪያ ሲከፈት በገባው የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። ያ አካውንት ብዙ ጊዜ ላፕቶፑን ያዘጋጀው የልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነውና፣ ወታደር ቤት ቢሆንም ደውሎ መጠየቅ ነው። ቁልፉ ከጠፋ ጠጋኙም ሆነ ኩባንያው ዲስኩን ሊከፍቱት አይችሉም። ላፕቶፑ ደህና ሳለ ቁልፉን ወረቀት ላይ ገልብጦ ከመታወቂያና ከባንክ ወረቀቶች ጋር ማስቀመጥ ይቻላል።