ማየትና መስማት ስለ ተሳነው ሰው

በዱርቤቴና በጣና ዙሪያ ባለው በጎጃም አገር ዐይኑን ያጣ ልጅ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት አልተከለከለም። ዜማውም ቅኔውም ከመምህሩ አፍ የሚቀበሉት ስለ ኾነ፥ ጆሮው በዐይኑ ፈንታ ገብቶለት ከመምህርነት የደረሰ አለ። ዐይን የሚያጠፋው የትራኮማ በሽታ በዐማራው አገር እጅግ የጸና ነውና ይህ መንገድ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ ጆሮውም የተዘጋ እንደ ኾነ ያ ልጅ በምን ይማራል? እናቱ በመዳፉ ላይ ምልክት እያደረገች ብላ፥ ጠጣ፥ ተነሣ ትለው ይኾናል። ጎረቤት ግን ምልክቱን አያውቅምና፥ እናቲቱ ገበያ በወረደች ቀን ልጁ በሰው መካከል ሳለ ብቻውን ይውላል።

እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1837 ዓመት የቦስተኑ ሐኪም ሳሙኤል ሐው፥ ሎራ ብሪጅማን የምትባለውን የሰባት ዓመት ልጅ ለማስተማር በማንኪያና በቍልፍ ላይ የሚዳሰስ ፊደል ለጠፈ። ልጅቱም አስቀድሞ እንደ ጨዋታ ብቻ ስታዛምድ ቈይታ፥ ኋላ ፊደሉ የዕቃው ስም መኾኑ ገባት።

ይህ ብልሃት ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ እንኳ፥ በአስመራ አንዲት አያት ማየትና መስማት የተሳነውን የልጅ ልጃቸውን ወደ ትምህርት ቤት ቢወስዱት፥ እንዲህ ያለውን ልጅ አናስተምርም ተብለው ተመለሱ። የዚያ ልጅ ታናሽ እኅት ሐበን ግርማ፥ አባቷ ኢትዮጵያዊ፥ እናቷ ኤርትራዊት፥ እርስዋም እንደ ወንድሟ ማየትና መስማት የተሳናት፥ በአሜሪካ ተወልዳ በ2013 ከሐርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ተመረቀች። ከእንደ እርስዋ ያሉት በዚያ የተመረቀች የመዠመሪያዪቱ ናት። የሚያነጋግራት ሰው ቃሉን በፊደል መምቻ ይጽፋል፤ ጽሕፈቱም ወደ ብሬል ነጥብ ተለውጦ ከጣቷ ሥር ይነሣል። በ2015 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ባራክ ኦባማ ያነጋገሯት በዚሁ መንገድ ነው።