ሰንጠረዥና ቼዝ፦ የአንድ ጨዋታ አሮጌና አዲስ መልክ

በቅርቡ እዚህ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ በሚገኝ የአንድ ወዳጄ ቤት ለምሳ ተጋብዤ ስደርስ ሁለቱ ወንዶች ልጆቹ ክርክር ገጥመው አገኘኋቸው። ያከራከራቸው «ኤልደር ስክሮልስ» የተሰኘው ተከታታይ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ በምናብ በተፈጠረ ዓለም ውስጥ ጦረኛ ወይም አስማተኛ ሆኖ ይኖራል፤ የመጀመሪያው ክፍል የወጣው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። ታላቁ በ2002 የወጣውን «ሞሮዊንድ»ን ያወድሳል፤ ታናሹ በ2011 የወጣውን «ስካይሪም»ን የሚያህል የለም ባይ ነው። «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ።

ነገሩን ሳስረዳቸው ሳይሆን ሲያስረዱኝ ዋልሁ። በአሮጌው ክፍል ሰዎቹ በአብዛኛው የሚናገሩት በጽሑፍ ነው። መንገድ የጠየቃችሁት ገበሬ ከድልድዩ ማዶ ስላለው ጉብታና ስለ ሁለተኛው መታጠፊያ ይነግራችኋል፤ በጥሞና ያላነበበ በረሃ ለበረሃ ሲንከራተት ያድራል። በ2006 በወጣው «ኦብሊቪየን» ግን ሰዎቹ ሁሉ ድምፅ አወጡ፤ የሚሄዱበትን ቦታ የሚያሳይ ምልክትም ከማያ ገጹ ላይ ተተከለ። «ስካይሪም» የወረሰው ይህንኑ ነው። ታናሹ «ጊዜ ያለው ማን ነው?» ሲል ታላቁ «ታዲያ አገሩን መቼ አወቅኸው?» ይለዋል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የታላቁ ቁጭት ግን ጨዋታው ቀለለ የሚል ብቻ አልመሰለኝም፤ ጎበዝ ተጫዋች የሚያሰኘው ነገር ተለውጦበታል።

እኔ ግን ሳዳምጣቸው ልቤ ወደ ሌላ ጨዋታ ሄደ። እኛ ኢትዮጵያውያንም የአንድ ጨዋታ አሮጌና አዲስ መልክ ነበረን፤ አሮጌው ከእጃችን ሲወጣ ግን አዲሱን ከአሮጌው አስተያይቶ የተከራከረ ብዙ ሰው አልተገኘም። ይኸውም ሰንጠረዥ ነው።

ስሙ ራሱ የጨዋታውን ጉዞ ይተርካል። የሕንዶቹ «ቻቱራንጋ» ማለት አራት ክፍል ያለው ሠራዊት ማለት ነበር፤ ዝሆን፣ ፈረሰኛ፣ ሠረገላና እግረኛ። ፋርሶች ተቀበሉት፤ ዐረቦችም ከእነርሱ ወስደው «ሸጥረንጅ» አሉት። ከዚያ ወደ እኛ ሲሻገር «ሰንጠረዥ» ሆነ፤ በስዋሂሊ ጠረፍም «ሳታራንጂ» ተባለ። ስለዚህ የሞምባሳው ቃልና የጎንደሩ ቃል የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ከጠጠሮቹ መካከል «ፊል» የዐረብኛው ዝሆን ነው፤ «ፈርዝ» ደግሞ የንጉሡ አማካሪ። አማርኛ ዝሆንን በራሱ ስም ስለሚጠራ፣ አባቶቻችን ፊልን ሲያንቀሳቅሱ ዝሆን እየነዱ መሆናቸውን ስንቶቹ ያውቁ እንደነበር እንጃ።

ጨዋታው የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ነበር። በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን (1508–1540 እ.ኤ.አ.) ቢቺኒ የተባለ የቬኒስ ሰው ከንጉሡ ጋር ይጫወት እንደነበር ተመዝግቧል። በ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የትግሬውን ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴን ሲጫወቱ አይቷል። እቴጌ ጣይቱም በዚህ ጨዋታ ይታወቁ እንደነበር ይነገራል። ደንቡን በዝርዝር ካቆዩልን አንዱ በ1860 በአገራችን የሞተው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ነው፤ መጽሐፉ ከሞተ በኋላ በ1868 ታተመ። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 የጨዋታውን ታሪክና ደንብ ሰብስበው አሳትመዋል። የገዛ ጨዋታችንን ደንብ ከእንግዶች ብዕር መልቀማችን ደስ የሚያሰኝ ባይሆንም ውለታቸውን መካድ አይገባም።

ሰሌዳው ዛሬ እንደምናውቀው ጥቁርና ነጭ አልነበረም፤ ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሆኖ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር 64 ቤት የተከፈለ ነው። ጠጠሮቹ በየወገኑ 16 ናቸው። ፈርዝ በማዕዘን አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል፤ ፊል በማዕዘን ሁለት ቤት ይዘላል፤ «መደቅ» የሚባለው እግረኛም አንድ አንድ ቤት ያዘግማል። ኃይል ያላቸው ፈረስና ዛሬ ግንብ የምንለው ጠጠር ናቸው።

አዲሱን ቼዝ ብቻ የሚያውቅ ሰው የሚደነቀው አጀማመሩን ሲያይ ነው። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ፣ ማንም ማንንም ሳይጠብቅ፣ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ በዓይኑ ጠርዝ እየሰለለ የራሱን ይለውጣል፤ ያኛውም ያንን አይቶ መልሶ ይለውጣል። ይህ ክፍል «ወረራ» ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ጨዋታው በተራ ይሆናል። ሁለት ራሶች ድንኳናቸውን ተክለው፣ አንዱ የሌላውን ሰፈር እየሰለለ፣ ጦራቸውን ከኮረብታ ኮረብታ ሲያዛውሩ የሚታይ ይመስላል። በዙሪያው የተቀመጡትም ዝም አይሉም፤ ጌታውም ሎሌውም ምክሩን ይወረውራል። ዛሬ በቼዝ ውድድር አዳራሽ ድምፁን ያሰማ ተመልካች ወደ ውጭ ይሸኛል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የማሸነፍ ደንቡ ነው። በአዲሱ ቼዝ የባላጋራን ንጉሥ መውጫ ማሳጣት በምንም ጠጠር ቢሆን ያው አንድ ድል ነው። በሰንጠረዥ ድል ማዕርግ አለው። በግንብ ወይም በፈረስ ንጉሡን የዘጋ ሰው አሸነፈ ይባላል እንጂ አይመሰገንም፤ ጉልበት ባለው ጠጠር ማሸነፍ ምን ይደንቃል? በአንድ ፈርዝ ወይም በአንድ ፊል ያሸነፈ ደህና ነው። በሁለት ፈርዝ ወይም በሁለት ፊል ያሸነፈ ይወደሳል። ደካሞቹን ሁሉ አስተባብሮ፣ መደቁንም ጨምሮ፣ ንጉሡን መፈናፈኛ ያሳጣ ግን እልልታው የእርሱ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ንጉሡ እግረኞቹ ብቻ ከቀሩለት ሊሸነፍ አይችልም፤ አንድ ትልቅ ጠጠር ብቻ የቀረለትን ንጉሥም ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት መዝጋት ግድ ነው። ስለዚህ ጎበዝ ተጫዋች የባላጋራውን ሠራዊት ጠራርጎ አይበላም፤ እየራራ፣ እየቆጠበ ይበላል። በአዲሱ ቼዝ እንደዚህ ያለ ሰው ሞኝ ይባላል።

በአውሮፓ በኩል ለውጡ የመጣው በ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ነው። በማዕዘን አንድ ቤት የምትንፏቀቀው ፈርዝ ንግሥት ሆና በሁሉም አቅጣጫ እንድትገሠግሥ ተፈቀደላት፤ ፊልም መዝለሉን ትቶ በማዕዘን ርቆ መሄድ ጀመረ። በስፔን በ1497 የታተመው የሉሴና መጽሐፍ በአሮጌውና በአዲሱ ደንብ የተዘጋጁ እንቆቅልሾችን ባንድ ጥራዝ ይዟል፤ የኪሊማኒ ወንድማማቾች ክርክር በዚያም ቤት ነበር ማለት ነው። ኢጣሊያኖች አዲሱን «እብዱ» ቼዝ እያሉ ይጠሩት ነበር። ፈጣን ስለሆነ አሸነፈ፤ የአሮጌው ጨዋታ የመጀመሪያ እንቅስቃሴ ቀርፋፋ እንደነበር አይካድም። ይህንን ቀርፋፋነት እኛ በወረራ ፈታነው፤ እነርሱ በንግሥቲቱ ፈቱት። በእኔ አስተያየት የእኛው መፍትሔ የበለጠ ብልሃት አለው፤ የእነርሱ ግን በጽሑፍ ለመመዝገብ ይመቻል። በተራ የማይሄድን ነገር ማን በቁጥር ይመዘግበዋል? የተጻፈው ዓለምን አዳረሰ፤ ያልተጻፈው ከሚጫወቱት ሰዎች ጋር አብሮ አረጀ።

ሰንጠረዥ የቆየው እስከ ፋሺስት ወረራ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. በዘለቁት አምስት ዓመታት የመኳንንቱ ግቢ ተፈታ፤ ጨዋታውን የሚያውቁት ብዙዎቹ ሞቱ፣ ተሰደዱ። ከነጻነት በኋላ የተማረው ወጣት የያዘው ቼዝን ነው። ጨዋታውን በወረራ ይጀምሩ የነበሩትን በሌላ ወረራ ማጣታችን ምፀት ነው።

ወንድማማቾቹ ሁለቱንም ክፍሎች በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጭነው፣ ሲሻቸው ከአሮጌው ወደ አዲሱ፣ ከአዲሱ ወደ አሮጌው ይመላለሳሉ። «ኦብሊቪየን» እንኳ በ2025 ታድሶ እንደገና ወጥቷል። ሰንጠረዥን ለመጫወት የሚፈልግ ግን ደንቡን ከፓንክረስት ጽሑፍ አንብቦ፣ ቀይ ጨርቅ አስምሮ፣ ተጋጣሚውን ራሱ አስተምሮ መጀመር አለበት። ለታላቁ ይህንን ስነግረው «እናስምር» አለ፤ እናቱ ግን ጨርቅ አልሰጠችውም።

ቃሉ ግን አልጠፋም። በትርጉም ሥራዬ በየሳምንቱ አገኘዋለሁ። የአንድ መሥሪያ ቤት ዘገባ ስተረጉም የቁጥሮቹ ዝርዝር በመስመር ተከፍሎ፣ በየቤቱ ተሞልቶ ይመጣል፤ ከበላዩም «ሰንጠረዥ 1»፣ «ሰንጠረዥ 2» ብዬ እጽፋለሁ።