ውጅግራ፦ ምርኮ ናት ወይስ ግዢ?

አሮጌ ውጅግራ ባየሁ ቁጥር «ዓድዋ ላይ ከጣሊያን የተማረከች ናት» እባላለሁ። እኔ ግን አስቀድሜ ብረቷን አነብባለሁ። ስሟ «ፉዚል ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ግራ የነደፋት መኮንን ስም እንጂ የግራ እጅ አይደለም። በጎኗ የተቀረጸው ሴንት ኤቲየን የፈረንሳይ መንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነበር። አጠገቡ ያለው 1874 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ብዙ ሰው ያሳስታል፤ የሞዴሉ ዓመት ነውና። የተሠራችበት ዘመን በአፈሙዟ ሥር ለብቻው ተመትቷል። ጥይቷ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ የምትጎርሰውም አንድ በአንድ።

በዓድዋ (1888 ዓ.ም.) አብዛኛው የጣሊያን ጦር የታጠቀው ግን ባለ 10.4 ሚሊ ሜትሩን ቬተርሊ ነበር። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ለበንን ስትመርጥ ውጅግራ ለገበያ ተረፈች፤ ምኒልክም ገዙ። እንግዲህ ይህች ጠመንጃ ከጠላት እጅ ከተነጠቀች ይልቅ ከወገን ትከሻ የወረደች ብትባል ይቀርባታል።